የድረ ገጻችን አስተባባሪ የወይዘሮ ትዋበች ይፍሩ ዕረፍት፣ እንዲሁም የተጠየቅነው የይለፍ ቃል

ከገበታ ነፃ ሶፍትዌር ማኅበር፣ አሽቀሎን
ኖቬምበር 22 ቀን 2009

ለማኅበሩ አባላት፣ በእስራኤልና በኢትዮጵያ ለሚገኙ አበርካቾች፣ ለድረ ገጹ ተጠቃሚዎች በሙሉ

የገበታን ድረ ገጽ ለስድስት ዓመታት ያስተባበሩት ወይዘሮ ትዋበች ይፍሩ እሑድ ኖቬምበር 8 ቀን በአርባ አምስት ዓመታቸው አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ቤተሰባቸው፣ ጎረቤቶቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በተገኙበት በአሽቀሎን ተፈጽሟል። ማኅበራችን ከባድ ሐዘን ላይ ነው። ተቆጥቷልም። ሁለቱንም በዚህ መግለጫ ያስታውቃል።

መግለጫው ለምን ሁለት ሳምንት እንደዘገየ አንዳንድ አባላት ጠይቀውናል። በቸልተኝነት አይደለም። የወይዘሮ ትዋበች ታላቅ ወንድም የሚኖሩት ጎንደር ነው። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በሰው አፍ ይነገራል እንጂ ከኮምፒውተር ላይ አይነበብም። ወንድማቸው መርዷቸውን ከሽማግሌዎች መስማታቸው የተረጋገጠልን ባለፈው ሐሙስ ነው። እስከዚያ ድረስ በድረ ገጹ ላይ አንዲት ፊደል አላወጣንም፤ ወይዘሮ ትዋበችም ቢሆኑ ቀድሞ ቢወጣ አይፈቅዱም ነበር።

ማኅበራችንን ለማያውቁ፣ ገበታ በኮምፒውተር በአማርኛ ፊደል ለመጻፍ የሚያስችል፣ በነፃ የሚታደል ፕሮግራም ነው። ምንጩ ክፍት ነው፤ ማንም ሰው ውስጡን ማየት፣ ማረም፣ ያረመውንም ለሌላው ማካፈል ይችላል። ድረ ገጹም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ፕሮግራሙ የሚወርድበትን፣ አጫጫኑ የሚነበብበትን፣ ለሐኪም ቤትና ለመሥሪያ ቤት የሚያስፈልጉ የዕብራይስጥ ቃላት በአማርኛ የተፈቱበትን ገጽ ሁሉ የጻፉት ስልሳ ሦስት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከአሽቀሎን፣ ከቂርያት ጋት፣ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ለውጥ ይልካሉ። የተላከውን የሚያነብ፣ የሚያስነብብ፣ ሲጋጭ የሚያስማማና የሚያወጣ አንድ አስተባባሪ አለ። እኒያ አስተባባሪ ወይዘሮ ትዋበች ነበሩ።

በዚህ መግለጫ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ይህን ለይተን የምንገልጽበት ምክንያት ከታች ይገኛል።

ወይዘሮ ትዋበች በ1964 በጎንደር አካባቢ ተወለዱ። እዚያው በመምህርነት ተቀጥረው የአንደኛ ክፍል ሕፃናትን ለስድስት ዓመታት ፊደል አስቆጥረዋል። በ1990 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ ሄደው ጉዟቸውን ሲጠባበቁ ቆዩ፤ በሜይ 1991 በአውሮፕላን ወደ እስራኤል መጡ። ከ1993 ጀምሮ የአሽቀሎን፣ ከዚያም ውስጥ የሺምሾን ሰፈር ነዋሪ ነበሩ። መምህርነታቸውን እዚህ የሚቀበል አላገኙም። ሰባት ዓመት በአትክልት ማሸጊያ ፋብሪካ ቆመው ሠሩ። ከ2001 ጀምሮ እስኪታመሙ ድረስ አረጋውያንን በየቤታቸው ይንከባከቡ ነበር። ከፋብሪካው ሲወጡ በተሰጣቸው የሥራ ማስረጃ ላይ “ያልሠለጠነ ሠራተኛ” ተብሎ ተጽፏል። ማኅበራችን ይህን አገላለጽ አይቀበለውም።

በ2002 እዚሁ አሽቀሎን በራማት ኤሽኮል የሰፈር ማእከል ውስጥ ገበታን ከጀመሩት አምስት ሰዎች አንዷ ወይዘሮ ትዋበች ናቸው። ፕሮግራም መጻፍ አይችሉም ነበር፤ ይህንንም በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ራሳቸው ተናግረዋል። የሚችሉት ማንበብና የተሳሳተውን ማየት እንደሆነ ገልጸው፣ ሥራ ከጠፋ ወንበር እንደሚደረድሩ አስታወቁ። ወንበር መደርደሩንም እስከ መጨረሻው አልተዉትም።

በ2003 የድረ ገጹን አስተባባሪነት ተረከቡ። የተረከቡት ገጽ ምን ይመስል እንደነበር መደበቅ አንፈልግም። አጫጫኑን የሚያስረዳው ገጽ አራት መመሪያዎች ነበሩት። አንደኛው ኮምፒውተሩን መጀመሪያ አጥፉት ይላል። ሁለተኛው በምንም ዓይነት እንዳታጠፉት ይላል። ሦስተኛው የሁለቱንም ጸሐፊዎች ካመሰገነ በኋላ የራሱን ይጨምራል። አራተኛው ምርቃት ብቻ ነበር። ማናችንም አንዱንም አላነሣንም። አንደኛውን የጻፉት አቶ ቸሬ ደምሴ የብዙዎቻችን ወላጆች መምህር ናቸው፤ ሁለተኛውን የጻፈው ደግሞ የአቶ ቸሬ አማች ነው። በዚህ መሀል ገብቶ ማን ይሰርዛል? ይሉኝታ ያዘን። ሰው ፕሮግራሙን መጫን አቅቶት ሲቸገር፣ እኛ ስድስት ወር ሙሉ ተከባብረን ተቀመጥን።

ወይዘሮ ትዋበች ስልክ አነሡ። አቶ ቸሬ ለዚህ መግለጫ በፈቃዳቸው እንደነገሩን፣ የተባሉት ይህ ነበር፦ “ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን አጥፉት የሚለውን አንቀጽዎን ላነሣው ነው። ሰው እየተሳሳተበት ነው። ከገጹ ላይ አጥተውት ከሚደነግጡ፣ ከእኔ አፍ ይስሙት ብዬ ነው የደወልሁ።” አቶ ቸሬ ሁለት ወር ኮረፉ። በሦስተኛው ወር የተስተካከለ አንቀጽ ላኩ። ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ፕሮግራሙን የሚጭኑት በዚያ አንቀጽ ነው።

በ2004 ይህ አሠራር ተጽፎ የማኅበሩ ሥርዓት ሆነ። የተላከ ለውጥ ሁሉ ሦስት ቀን ይቆያል። የጸሐፊው ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ሰዎች ያነቡታል። ከኮምፒውተር ጋር ጉዳይ ለሌለው አንድ ሰው ደግሞ ጮክ ተብሎ ይነበብለታል፤ ያ ሰው ካልገባው ለውጡ ይመለሳል። የማንም ሰው ቃል ባለቤቱ በድምፅ ሳይሰማ አይነሣም፤ የተነሣውም አይጣልም፣ ከነጸሐፊው ስም በሌላ ገጽ ይቀመጣል። ሌሎች እንዲህ ያሉ ፕሮጀክቶች የማይፈልጉትን ለውጥ በአንድ መስመር ኢሜይል እንደሚመልሱ ወጣት አባሎቻችን አስረድተዋል። ፕሮግራሙን ከሚጽፉት አንዱ የሆነው ሻይ የተባለ ወጣት በስብሰባ ላይ ተነሥቶ “ዜ ሎኬያኽ ዮቴር ሚዳይ ዝማን” ማለቱ፣ ይኸውም ብዙ ጊዜ ይፈጃል ማለቱ፣ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። የወይዘሮ ትዋበች መልስም እንዲሁ ሰፍሯል፦ “ጊዜውን የምሰጥ እኔ፤ አንተን ምን ቸገረህ ልጄ?” ሥርዓቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ሻይም እጁን አውጥቷል።

በማርች 2005 ከባድ ስህተት ተፈጠረ። ሦስተኛው እትም ሲወጣ ቀኑ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ተመዘገበ። ድረ ገጹ እትሞችን የሚደረድረው በቀናቸው በመሆኑ፣ አዲሱ እትም የ1997 ሆኖ ከሁሉም በታች ወረደ። ሰዎች ለአምስት ሳምንታት ገጹ አናት ላይ ያገኙትን የተበላሸ አሮጌ እትም ሲያወርዱ ከረሙ፤ የጻፉት የጠፋባቸውም አሉ። ወይዘሮ ትዋበች በድረ ገጹ ፊት ይቅርታ ጠየቁ፤ ከይቅርታው በታች የሰፈረው የእሳቸው ስም ብቻ ነበር። ያጠፋውን ሰው በስሙ አይጠሩም ነበር። መልካም የሠራውን ግን አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያረመ እንኳ ቢሆን በስሙ ያመሰግኑታል። ቀኑን የመዘገበው የማኅበሩ ጸሐፊ ሰማኝ ደጉ ነው። ስሙ በዚህ መግለጫ እንዲገለጽ የጠየቀው ጸሐፊው ራሱ ነው፤ መግለጫውንም የጻፈው እሱ ነው።

በ2006 የድረ ገጻችንን ማስቀመጫ በሰርቨሩ ላይ ሰጥቶን የቆየ አንድ ጽሕፈት ቤት፣ ገጹ በዕብራይስጥ ብቻ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። የጽሕፈት ቤቱን ስም የማንጠቅሰው ከላይ በገለጽነው የወይዘሮ ትዋበች ልማድ ምክንያት እንጂ ፈርተን አይደለም። የቀረበው ምክንያት ወጣቶቹ አማርኛ አያነቡም የሚል ነበር። ወይዘሮ ትዋበች የመለሱት በቃለ ጉባኤ እንደሚከተለው ሰፍሯል፦ “እውነት ነው፣ ልጄ አማርኛ አታነብም። እናቴ ደግሞ ዕብራይስጥ አታነብም። ከሐኪም ቤቱ፣ ከኩፓት ሖሊም ወረቀት በመጣ ቁጥር መሀል ቆሜ የማስተረጉም እኔ ነኝ። እኔ ሥራ እወጣለሁ፣ እታመማለሁ። ገጹ ግን ከዚያው አለ። ለምን ነው የምትነሡን?” ሐሳቡ ውድቅ ሆነ። የሕክምና ቃላቱ ገጽ በዚያው ዓመት ከአርባ ቃላት ወደ ስድስት መቶ አደገ።

በ2008 ያው ጽሕፈት ቤት በሌላ በር መጣ። ለውጥ የሚያስገቡት የራሱ ሠራተኞች ብቻ እንዲሆኑ፣ የስልሳ ሦስቱ አበርካቾች ስምም “ገጹን ስለሚያጣብብ” እንዲነሣ ጠየቀ። ወይዘሮ ትዋበች በጽሑፍ አልመለሱም። የአበርካቾቹን የስልክ ቁጥር ፈቃዳቸውን ጠይቀው በአንድ ወረቀት ጻፉ፤ በሥርዓታችን መሠረት ስማቸው ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዳቸው በድምፅ መስማት እንዳለባቸው አስረድተው ወረቀቱን በእጃቸው ወስደው ሰጡ። እስከምናውቀው ድረስ የተደወለለት ሰው የለም።

በጃንዋሪ 2009 ከተማችን ላይ ሮኬት ይወድቅ በነበረባቸው ሳምንታት ሥራው እንዲቆም ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ወይዘሮ ትዋበች አልተስማሙም። የተላኩትን ለውጦች በወረቀት አትመው ወደ ሕንፃቸው መጠለያ ይዘው ይወርዱ ነበር፤ ሳይረን ሲነፋ የተሰበሰበውን ጎረቤት ጮክ ብለው ያነቡለታል። ከአድማጮቹ መካከል እናታቸው እማማ ጦቢያ ይገኙ ነበር። “ከዚህ በኋላ የሚፈልጉትን ይምረጡ” የሚለው ዓረፍተ ነገር ሲነበብ፣ እማማ ጦቢያ “የምፈልገውን ባውቅማ እናንተን ምን አስጠየቀኝ? ይሄን ያዢ በሉኝ እንጂ!” ማለታቸውን የነበሩ ሁሉ ይመሰክራሉ። ዓረፍተ ነገሩን ለጻፈው የጎንደር አበርካች በስልክ ተነግሮት በሦስተኛው ቀን ተቀየረ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ሠላሳ ሰባት ለውጦች ወጥተዋል። ገበታ ያን ያህል ለውጥ በሦስት ሳምንት አውጥቶ አያውቅም፤ ይህ የሆነው ሰው ሁሉ ከቤቱ መውጣት በፈራበት ጊዜ መሆኑን ማኅበሩ በኩራት ያስመዘግባል።

በኦገስት ሕመማቸው ጸና። ሥራውን የሚረከቡትን ወይዘሪት ኖያ ትሁንን ራሳቸው መርጠው አሠለጠኑ። ወይዘሪት ኖያ እዚሁ አሽቀሎን የተወለዱ ሲሆኑ፣ አማርኛ ማንበብ የተማሩት ከወይዘሮ ትዋበች ነው። ወጣቶቹ አያነቡም ላሉን ይህ በቂ መልስ ይመስለናል።

አሁን ወደ ቁጣችን እንመለሳለን።

ኖቬምበር 11 ቀን፣ ቤተሰቡ ሺቫ፣ ማለትም የሰባት ቀን ሐዘን፣ በተቀመጠ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያው ጽሕፈት ቤት ለማኅበሩ ደብዳቤ ደረሰ። ሦስት መስመር ነው። አስተባባሪዋ “በቦታቸው ባለመኖራቸው” የድረ ገጹ የይለፍ ቃል በአሥራ አራት ቀናት ውስጥ ለጽሕፈት ቤቱ እንዲሰጥ፣ ያለዚያ ገጹ ተዘግቶ በሌላ እንደሚተካ ያሳስባል። የሐዘን ቃል የለበትም። ሟቻችንን በስማቸው እንኳ አልጠራም። በዚያው ዕለት ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ሠራተኛ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ደውለው የወይዘሮ ትዋበችን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ኦሽራትን የእናቷን የይለፍ ቃል ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት። ኦሽራት “ዜ ሎ ሼላ፣ ዜ ሼል ኩላም” ብላ ስልኩን ዘጋች። የእሷ አይደለም፣ የሁሉም ነው ማለቷ ነው። ማኅበራችን በዚህ ጉዳይ ላይ ከዚህ የተሻለ አቋም አላወጣም።

ቢሆንም በሥርዓታችን መሠረት ሠርተናል። ሺቫው እንዳበቃ አባላት ተከፋፍለው ለስልሳ ሦስቱም አበርካቾች ደወሉ። ጽሑፋቸውና ስማቸው ለጽሕፈት ቤቱ ተላልፎ ይሰጥ እንደሆነ ጠየቅናቸው። ሃምሳ ስምንቱ አይሰጥም ብለዋል። አምስቱን ገና አላገኘናቸውም፤ እየደወልን ነው። አቶ ቸሬ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው በአካል ወደ ማእከሉ መጥተው፣ የሳቸውን አንቀጽ ማንሣት የሚችል ሰው አንድ ብቻ እንደነበረና እሷም አሁን እንደሌለች ተናግረው ተቀምጠው አለቀሱ። እኛም አብረን አለቀስን።

ገጹን ስለ መዝጋት፣ ጽሕፈት ቤቱ የሚያውቀው ስላልመሰለን እንገልጻለን። ሰርቨሩ የእሱ ነው፤ የድረ ገጹ አድራሻ ግን የተመዘገበው በማኅበሩ ስም ነው። ምንጩ ክፍት የሆነ ሥራ አንድ ቦታ ተቆልፎ አይቀመጥም። ሙሉ ቅጂው፣ የተነሡት አንቀጾች ጭምር፣ በአራት ከተሞች በአሥራ አንድ ሰዎች ቤት ይገኛል። ሰርቨሩን ማጥፋት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን አሥራ አንድ በር ማንኳኳት ያስፈልጋል፤ በየበሩም የሚከፍተው ሰው ለምን እንደተመጣ መጠየቁ አይቀርም።

ይህ መግለጫም እንደማንኛውም ለውጥ ሦስት ቀን ቆይቷል፤ ተነብቧል፣ ጮክ ተብሎም ተነብቧል። አንድ አንባቢ “ተቆጥቷልም” የሚለው ቃል ለሐዘን መግለጫ እንደማይገባ አሳስበዋል። በስልክ ተነጋግረንበት ቃሉ እንዲቆይ ተስማምተናል።

ለእማማ ጦቢያ፦ ልጅዎን ማክሰኞና ሐሙስ ከእርስዎ እየወሰድን በስብሰባ አስመሽተንብዎታል። አንድ ቀን አልወቀሱንም። ይቅር ይበሉን፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ለኦሽራት፦ እናትሽ ስለ አንቺ ሲያወሩ ሥራ እናቆም ነበር። በማኅበሩ ውስጥ አንቺን የማያውቅ ሰው የለም፤ የጎንደሮቹ እንኳ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው፣ ስለ ባግሩት ፈተናሽ ይጠይቃሉ። ለምትፈልጊው ነገር ሁሉ የስልሳ ሦስት ሰው ስልክ አለሽ። ደውዪ።

ጎንደር ለሚገኙት ወንድማቸው፣ ለሚንከባከቧቸው አረጋውያንና ለሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ለውጥ ልከው መልስ ሲጠባበቁ ይህን ላነበቡ አበርካቾች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ወይዘሮ ትዋበች ሲያርፉ በእጃቸው ሃያ ሁለት ለውጦች ነበሩ። ወይዘሪት ኖያ ከነገ ጀምሮ ለእያንዳንዳችሁ ይደውላሉ፤ አማርኛቸው በዕብራይስጥ የተቀላቀለ ቢሆን ታገሧቸው።

በመጨረሻም ለጽሕፈት ቤቱ። ያረፉት ሴት ስማቸው ትዋበች ይፍሩ ነው። የላካችሁልን ቀነ ገደብ ሊሞላ ሦስት ቀን ይቀረዋል፤ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። የይለፍ ቃሉ አለን፤ የለንም ብለን አንዋሽም። አንሰጥም። ዛሬ ጠዋት ወይዘሪት ኖያ ከፍተውበታል፤ ይህን መግለጫ በድረ ገጹ ፊት ያወጡት በእሱ ነው።